ከሙሻ ባሻገር

ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ የጅቡቲ ጎዳናዎች ገና ጭር እንዳሉ፣ ትርሲት የበረዶውን ሳጥን መኪናው ኋላ ትጭናለች፤ ባሏ መርዕድ ደግሞ የነዳጁን ጀሪካኖች። ከዚያ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ በባሕሩ ዳር መንገድ፣ የመርከቦቹን ትልቅ ወደብ አልፈው፣ ትንንሽ ጀልባዎች ወደሚታሰሩበት ጥግ ይወርዳሉ። ጀልባዋ የራሳቸው ናት። መርዕድ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር የገዛት፣ ነጭ ቀለሟን ፀሐይ ያገረጣው፣ ኋላዋ ላይ ሞተር የተገጠመላት፣ ከመሪው በላይ የሸራ ጥላ ያላት ጀልባ ናት። ጀልባዎቹን የሚጠብቀው ሁመድ የሚባል ሽማግሌ አፋር ነው፤ ወጣትነቱን አሰብ ስላሳለፈ አማርኛ ይችላል። ገመዱን እየፈታ «ማዳም፣ ዛሬ ባሕሩ ዘይት ነው» ወይም «ንፋስ አለ፣ ቶሎ ተመለሱ» ይላታል። ለመርዕድ ምንም አይለውም፤ መርዕድ ወሬ አይወድም።

ትርሲት በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። መርዕድ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ ከወደብ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነው። እሷ ድሬዳዋ ተወልዳ ስላደገች ሙቀቱ አልከበዳትም፤ የከበዳት የቤቱ ዝምታ ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ፣ በልቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንዳንዴ በማታውቀው ነገር ይቀየማትና ሳምንት ሙሉ አያናግራትም፤ ምን እንዳጠፋች ስትጠይቀው «አንቺ አታውቂውም?» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። በኋላ ተወችው። ውስጧ የነበረው ነገር ሁሉ ለረጅም ሰዓት ታጥፎ እንደተቀመጡበት እግር ደነዘዘ፣ እሷም ደንዝዞ መቆየቱን መረጠች፣ ምክንያቱም ደሙ ሲመለስ እንደሚያም ታውቃለች።

እሱ የሚወደው አሳ ማጥመድ ብቻ ነው። አሳውን ለመብላት አይፈልገውም፤ አብዛኛውን ለሁመድ ይሰጠዋል ወይም ፎቶ አንስቶ መልሶ ይለቀዋል። የሚፈልገው ትግሉን ነው፤ ዘንጉ ቆልመም ሲል፣ ክሩ ከመዘውሩ እየጮኸ ሲወጣ፣ ከታች ያለው የማይታይ ጉልበት ከእሱ ጉልበት ጋር ሲገጥም ፊቱ ላይ ሌላ ጊዜ የማይታይ ብርሃን ይመጣል። እሷ መሪውን ትይዛለች። «ወደ ግራ።» «አቁሚ።» «ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ሜንጦውን አቀብዪኝ።» በጀልባዋ ላይ የሚነጋገሩት ይኼንኑ ነው።

የሆነው ነገር የሆነው ሚያዝያ ውስጥ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ከሙሻ ደሴት ባሻገር ባለው ቦታ ነው። እዚያ የባሕሩ ወለል ድንገት ያልቃል፤ አረንጓዴ የነበረው ውኃ በአንድ መስመር ላይ ተቆርጦ እንደ ቀለም ይጠቁራል፣ ከዚያ በታች ምን ያህል እንደሚወርድ የሚነግር የለም። መርዕድ «ገደሉ» ይለዋል። ትልልቆቹ አሳዎች ከዚያ ይወጣሉ። በዚያ ቀን አንድ ነገር ያዘና፣ ክሩ ሲያፈተልክበት በግራ እጁ ሊያቆመው ሞከረ፤ ክሩ የእጁ አንጓ ላይ ተጠመጠመ። ትርሲት ከመሪው ዘወር ስትል አየችው፤ አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም፣ አንድ ሰው ከኋላው በትከሻው ይዞ እንዳስጎነበሰው ጎንበስ አለና ውኃው ውስጥ ገባ። ውኃው ከላዩ ተዘጋ። ድምፁ አንድ ድንጋይ ከሚያሰማው አይበልጥም ነበር።

ሞተሩን አጠፋች፤ ደግማ አስነሳች፤ ቦታውን ዞረች፣ ደግማ ዞረች። ስሙን ጠራች። የነፍስ ማዳኛውን ጎማ ወረወረች። ጎማው ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ የፀሐይዋ ጨረር ወደ ታች ሲወርድና ሲጠፋ ይታይ ነበር፤ ሌላ ምንም አይታይም። ሰው ያለ አየር ምን ያህል እንደሚቆይ ከሥራዋ ታውቃለች፤ ያ ጊዜ እንዳለፈ፣ ካለፈም በኋላ እንደቆየ አወቀች። ራዲዮውን አንስታ እርዳታ ልትጠራ ስትል፣ ከኋላዋ፣ በገባበት ሳይሆን በሌላኛው ጎን፣ የመሰላሉ ብረት ሲንቀጫቀጭ ሰማች።

መርዕድ በአንድ እጁ መሰላሉን ይዞ ቆሟል። አያስልም። አያለከልክም። ውኃው ከፀጉሩ ላይ እየወረደ ቀና ብሎ አያት።

«ይቅርታ» አላት። «አስደነገጥኩሽ።»

በትዳራቸው ዘመን ያንን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

ፎጣ አለበሰችው። ልማዷ ሆኖ ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳረፈች። የልብ ምት ለማግኘት ጥቂት ቆየች፤ ያገኘችውም የሚመታ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚያብጥና ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ጀልባዋን ከስር እንደሚያነሳትና እንደሚያስቀምጣት ማዕበል ያለ ነገር ነበር። ድንጋጤ ነው፣ የኔም ጣት ደንዝዟል፣ አለች ለራሷ። ቆዳው ላይ የክር ምልክት አልነበረም። መዘውሩ ባዶውን ቀርቷል።

ወደቡ ሲደርሱ ሁመድ ገመዱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፣ መርዕድን አየና እጁን መለሰው። ገመዱ ውኃ ውስጥ ወደቀ። «አሳስባችሁኝ ነበር ማዳም» አለ፣ ወደ እሷ ብቻ እያየ፣ «ዛሬ ቆያችሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሰጡትን አሳ አልተቀበለም፤ ሆዱን እንደሚያመው ተናገረ።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ነገር ለማማረር የሚያበቃ አልነበረም። መርዕድ የገበያ ዘንቢል ይሸከምላት ጀመር። ከሥራ ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፣ ከዚያም መልሷን ይሰማል። ሲሰማ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑን አይሰብርም፤ ከንፈሮቹ ብቻ እሷ በምትናገረው ቃል ልክ በጥቂቱ ይላወሳሉ፣ ቃሉን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥ ይመስል። ሰኔ ገብቶ ከምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ንፋስ መንፈስ ሲጀምር፣ ከተማው ሁሉ በላብ ተነክሮ ሲውል፣ የእሱ አንገት ደረቅ ነበር። ያበሰለችውን ሁሉ እስኪያልቅ ይበላል፤ ጨው የረሳችበትን ቀንም፣ ጨው የበዛበትን ቀንም «ይጣፍጣል» ይላል። ውኃ ሲጠጣ ግን አይታው አታውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ብዙ ይቆያል፤ የቧንቧው ድምፅ አይሰማም፣ ሲወጣ ግን ወለሉ ረጥቦ ይገኛል፣ አየሩም ሽታ ይይዛል፤ የባሕር ዳር ጨው ሽታ አይደለም፣ የታችኛው የባሕር ሽታ ነው፣ የቀዘቀዘ ብረት፣ የተዘጋ ቀንድ አውጣ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጭቃ።

ከምሳ በኋላ፣ ከድሬዳዋ የመጣው ጫት ተከፋፍሎ ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ ሲከተት፣ እነሱም መስኮት ዘግተው ጋደም ይላሉ። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ እንድትተኛ ይፈቅድላት ነበር፤ ድሮ አይፈቅድም። አንድ ቀን እንደዚያ ሆና ስታዳምጥ፣ ከደረቱ ውስጥ ግማሽ ድረስ የተሞላ ጀሪካን ሲዘም የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ጣሪያውን እያየ ነው።

«ተኝተሃል?» አለችው።

«አንቺ ስትተኚ እተኛለሁ።» ከዚያ በዝግታ ጠየቃት፤ «አይሰለችሽም?»

«ምኑ?»

«ይኼ ሁሉ። መሞቁ። መራቡ። ሰውነት ሁልጊዜ አንድ ነገር መፈለጉ።»

«ለምጄዋለሁ።»

«እኔ ገና አልለመድኩም» አለ። «እዚህ እንደኔ የሆነ የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እኔ አለሁልህ እኮ» አለችው። እሱም ልክ ነሽ ለማለት ይሁን ለሌላ፣ ራሷን በቀዝቃዛ መዳፉ ቀስ ብሎ ዳበሳት። መፍራት እንደነበረባት ታውቅ ነበር። ፍርሃቱ ግን ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ራዲዮ ነበረ፤ እንዳለ ይታወቃል፣ ቃሉ አይለይም። ደረቱ ላይ እንደሆነች እንቅልፍ ወሰዳት።

የመርዕድ እናት፣ ደሴ የሚኖሩት እማማ የሹመቤት፣ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። መርዕድ ድሮ ስልኩን ሁለት ቃል ተናግሮ ይዘጋባቸው ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ግን ቁጭ ብሎ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ብዙ ጠየቃቸው። ከዚያ ስልኩን ለትርሲት ሰጣት፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

«ልጄ» አሉ እማማ የሹመቤት፣ «በይ አሁን መርዕድን አቅርቢልኝ።»

«እማማ፣ ሲያነጋግርዎት የቆየው እሱ ነው እኮ።»

«አይ፣ ያ ሰውዬ ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። የኔን ልጅ አቅርቢልኝ። ወይስ ተኝቷል?»

ትርሲት ዘወር ብላ አየች። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ስር ቀጭን ውኃ ወደ ሳሎኑ ይወጣ ነበር።

«ተኝቷል፣ እማማ» አለች። «ሲነሳ ይደውልልዎታል።»

«እሺ፣ አትቀስቅሺው» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ቀነሰ። «ብቻ ብርድ ላይ እንዳታስተኚው። በሕልሜ እየበረደው አየሁት።»

ዓርብ ዓርብ መውጣታቸውን አላቋረጡም ነበር። ከሚያዝያው ቀን ወዲህ ግን መርዕድ ሁልጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚላት፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው ውስጠኛ ዳርቻ፣ ወደ ኮራሉ፣ ውኃው አረንጓዴ ወደሆነበት። አሳው እንደ ድሮው አይታገልም። መንጠቆውን ይውጣል፣ ይወጣል፣ እሱ እጁን ሲያሳርፍበት ጭራውን እንኳን ሳያንቀሳቅስ ዝም ይላል፣ ዓይኑ ግን ሕያው ሆኖ ይቆያል። ትግሉ ቀርቷል፤ እሱም አልናፈቀውም። አንዳንዴ ከጀልባዋ ሆድ ስር አንድ ነገር ያንኳኳል፤ ቀስ ያለ፣ በር እንደሚያንኳኳ የደከመ ሰው ዓይነት። ያኔ መርዕድ ተነስቶ፣ ትርሲትን በትህትና ከመሪው ገለል አድርጎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቦታ ይቀይራል። «ድንጋይ ነው» ይላታል። ድንጋይ በሌለበት ቦታም ድንጋይ ነው ይላታል።

እማማ የሹመቤት ከደወሉ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ከወደቡ ሲወጡ ትርሲት መሪውን ወደ ሰሜን አዞረች።

«ወዴት ነው?» አለ መርዕድ።

«ወደ ገደሉ።»

«እዚያ አሳ የለም።»

«ነበረ» አለች።

ሊከለክላት ይችል ነበር። ግን አልከለከላትም፤ ያዘዘችውን ሁሉ ይፈጽማል፣ ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ነገር እንኳን እምቢ ብሏት አያውቅም። ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሙሻ በጎናቸው እስክታልፍና ቀጭን ነጭ መስመር ሆና ከኋላ እስክትቀር ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ንፋስ የለም። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቀለጠ ቆርቆሮ ረግቷል፤ ወፍ እንኳን አልነበረም፤ ከሞተሩ በቀር ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ውኃው የሚጠቁርበት መስመር ላይ ደርሳ ሞተሩን ስታጠፋ ደግሞ ዝምታው ጆሮዋ ውስጥ እንደ ጥጥ ገባ። በሕይወቷ ዘንግ ይዛ አታውቅም። አሁን የእሱን አነሳች፣ ለማባበያ የተቆረጠውን አሳ መንጠቆው ላይ ሰካች፣ ወደ ጥቁሩ ውኃ ለቀቀችው። ክሩ ወረደ፤ ወረደ፤ መዘውሩ መጨረሻው እስኪደርስ ወረደ።

ብዙ አልቆየችም። ክሩ ከበደ።

አሳ ሲያዝ እንደሚሸሽ ለዓመታት አይታለች። ይኼ አልሸሸም። ከብዶ ቆየና ወደ ላይ መምጣት ጀመረ። ክሩ ይላላል፣ ስትጠቀልለው ይወጠራል፣ ይላላል፣ ይወጠራል፤ ሰው ከጉድጓድ በገመድ ሲወጣ አንዱን እጁን ከሌላው በላይ እያደረገ እንደሚጎትተው ነበር። መርዕድን ዘወር ብላ አየችው። ውኃውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

«እሱ ነው?» አለችው።

«እሱ ነው።»

«ሕያው ነው?»

«እዚያ ታች የሚሞት የለም» አለ። ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳ ነበር። «አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀራል። ልታወጪው ከፈለግሽ እኔ እወርዳለሁ፤ አልከለክልሽም።»

መጀመሪያ ፀጉሩ ታየ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል። ከዚያ ግንባሩ፣ እንደ ሻማ የነጣ። የእሷን ክር በቀኝ እጁ ጨብጧል፤ በግራ አንጓው ላይ የድሮው ክር ሥጋውን ሰርስሮ ተጠምጥሟል፣ የክሩ ሌላኛው ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ጨለማው ወርዶ ተወጥሯል። ፊቱ ውኃውን ሰንጥቆ ወጣ። የጀልባዋን ጠርዝ ለመያዝ እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰም፤ ጉልበት አልነበረውም። ዓይኖቹ ፈለጓት፣ አገኟት። አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ውኃ ወጣ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ የሻከረ፣ ግን ራሱ ድምፁ።

«ትርሲት። ምን ቆመሽ ታያለሽ? እጅሽን ስጪኝ።»

እጇ ጠርዙ ላይ ነበር። ከእሱ ጣቶች ጋር የነበራት ርቀት የአንድ ሰው መዳፍ አይሞላም። መስጠት እንዳለባት አወቀች፤ ክሊኒክ ውስጥ ለማታውቀው ሰው እንኳን ያለማመንታት የምትሰጠው እጅ ነው። ስለ እናቱ አሰበች። ከዚያ ስለ ቤታቸው አሰበች፤ ወደ ግድግዳ ስለዞረው ጀርባ፣ ስላላወቀችው ጥፋቷ ሁሉ፣ ቀጥሎም እንዴት ዋልሽ ስለሚላት ድምፅ። ውስጧ የሆነ ነገር ይነቃ እንደሆነ ጠበቀች። ምንም አልነቃም።

«ትርሲት» አለ እንደገና፣ አሁን ድምፁ ተሰብሮ። «በረደኝ።»

ማባበያው የተቆረጠበትን ቢላ አነሳችና ክሩን ቆረጠችው።

አልተንፈራገጠም። ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ፣ ዓይኖቹ እሷ ላይ እንደሆኑ፣ ነገር ጠፍቶበት ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ግንባሩን አጨማዶ፣ የአንጓው ክር እየጎተተው በዝግታ ወረደ። ነጩ አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ትርሲት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እጆቿ በአሳ ደም ተለውሰዋል፤ አገላብጣ አየቻቸው።

መርዕድ ከተቀመጠበት ተነስቶ አጠገቧ መጣ። በብብቶቿ ስር ገብቶ ደግፎ አነሳት፣ ልክ ሆስፒታል ውስጥ አሮጊት እንደሚያነሱ፣ በጥንቃቄ።

«ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ» አላት።

ወደ ጠርዙ ወሰዳት። ጎንበስ አለች፤ እሱ እንዳትወድቅ ከኋላዋ ወገቧን ያዘ። እጆቿን ውኃው ውስጥ ስትከት፣ ከስር አንዲት ሴት ወደ እሷ ስትመጣ አየች። የራሷ መልክ ውኃው ላይ የወደቀ መሰላት። ትርሲት ግን ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፤ የሴትየዋ ፀጉር ተፈትቶ ይዋኛል፣ ፊቷም ላይ የትርሲት ፊት ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላሳየው ገር ፈገግታ ነበር።

ወገቧ ላይ ያለው እጅ ጠበቀ፤ መርዕድም አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ፣ ማንም አባብሏት በማያውቅ አባባል፣ «አይዞሽ፤ የሚበርደው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው» አላት።